የተቆለለ ወንበር

ሁለት መቶ ወንበር ነው ሀብቴ በጠቅላላው፣
ሰማያዊ ነበር፤ የድሬ ፀሐይ ነው ነጭ ያደረገው።
ሰርግ ሲኖር ይሄዳል፣ ለቅሶ ሲኖር ይሄዳል፣
ሌላውን ቀን ሁሉ እርስ በርሱ ተቆላልፎ በረንዳዬ ላይ ያድራል።

ግንቦት ላይ ሁለት ልጆች ከገቢዎች መጡ፣
ከቁልሉ ሁለት አውርጄ አረፍ በሉ አልኳቸው፤ ተቀመጡ።
አንዷ ማስቲካ ታላምጣለች፤ አንዱ ላቡን ይጠርጋል፤
ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠሁ፤ ግንቦት ማንን ይምራል?
ጠጡና ቆጠሩ። ወንበሩን። አንድ በአንድ፣ በጣት፤
በሠላሳ ቀን አባዙት፣ ደግሞ በዐሥራ ሁለት ወራት፤
የተቀመጡባቸውን ሁለቱንም ጨመሩበት።

"ኧረ ልጆቼ፣" አልኩኝ፣ "ይሄ እኮ ተኝቷል!
ሰው በየቀኑ አያገባም፤ በየቀኑስ ማን ይሞታል?"
ልጅቷ ሳቀች። ልጁ ግን ጻፈ፤
የጻፈው ቁጥር ቁልሌንም፣ ጣራዬንም አለፈ።

ምርጫ ሲቃረብ ድልነሳው መጣ፤ የሒሳብ መምህር የነበረ፣
ዛሬ ተቃዋሚ ነው፤ ኮቱ ግን አልተቀየረ።
"ዘምዘም፣ መቶ ሃምሳ ወንበር፣ ለእሑድ፣ ለአዳራሹ።"
ዋጋ ሳንነጋገር ወጣ፣
ጠመኔ እንደነካው ሰው ጣቶቹን እያሻሸ።

ከከፊራ መጡ፣ ከታይዋን፣ ከመጋላ፤
ባጃጅ ነጂው ኢብሳ፣ ሂርሲ ከነቴርሞሱ ከኋላ።
ማራገቢያው ሙቀቱን ያማስለዋል እንጂ አያበርደውም፤
መሃል ላይ መብራት ሄደ። ማይኩ ሞተ። ሰውየው ግን አልቆመም።

"ግምት!" አለ፣ "ግምት ማለት በእኔ ክፍል ውስጥ
ሳይሠሩ መልስ መጻፍ ነው፤ ዜሮ ነው የሚሰጥ!"
ሳቁ ግድግዳውን መታው።
"ላሟን ሳያዩዋት ወተቷን ሰፍረው፣
ጥጃዋ እንዳይጠባ አፉን አስረው፣
ዓመት ሳይሞላ ደግሞ፣ ምነው ከሳች ብለው!"
ሂርሲ ቴርሞሱን በመዳፉ መታ፣ እንደ ከበሮ።
"ደቻቱ ነው ግብሩ! ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣
ባንድ ሌሊት ግን ጎርፍ፤ ሱቅ አይቀር፣ ደጅ አይቀር፣ እናት ከነልጅዋ!"

አዳራሹ ተነሣ። እኔ ብቻ እጄን አጣጠፍኩ።
ደቻቱን አውቀዋለሁ፤
እህቴን ሰዓዳን ወስዶብኝ በአሸዋው ስፈልጋት ሰነበትኩ።
ደቻቱ ልጆች አይልክም ውሃ ጠጥተው የሚቆጥሩ፣
ይግባኝ የሚባልበት መስኮት የለውም በበሩ።
ደግሞስ ከዚያ ወዲህ ዳርና ዳሩን የያዘው ግንብ፣
የማን ብር ነው ድንጋዩ? የኔ፣ የሂርሲ፣ የኢብሳ፤
ይህን ግን ድልነሳው እንዲያው ለወሬ እንኳ አላነሣ።
ልናገር ብዬ ነበር።
ጭብጨባው ረዘመ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ማታ ወንበር ስቆጥር አንዱ ጎደለ፤ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ጎደለ።
ድልነሳው ድምፁ ሰልሎ፣ ኮቱን በክንዱ ይዞ ከጎኔ ቆመና፣
"ሒሳቡ ስንት ነው?" አለ።
ነገርኩት።
ዙሪያውን አየ፤ ቀስ ብሎ፣ "ያለ ደረሰኝስ?" አለ።

ክፉ ሰው አይደለም።
የፓርቲው ካዝና ከኔ መቀነት እንደማይሻል አውቃለሁ፤
እኔስ ብሆን በየሱቁ ስንቴ ይህንኑ ብያለሁ?
አንድ ነገር አላልኩትም። ካርቦኑን ከሥር አስገባሁ፣
ስሙን ከነአባቱ፣ ቀኑን፣ መቶ ሃምሳውን ጻፍኩ፤
ብዕሩ እየነጠፈ "ኪራይ" የሚለው ላይ ሁለቴ ደገምኩ።
ጫማውን ሲያይ ቆየ።
ብሩን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ደረሰኙን አጠፈና
ንግግሩ ካለበት ኪስ ከተተው፤ ሄደ።

ኢብሳ በሦስት ዙር መለሰልኝ፤ በረንዳው ላይ ደረደርኩ፣
በገመድ ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ጠመጠምኩ።
ነገ ሰርግ የለም፤ ለቅሶም አልሰማሁ።
ነፋሱ ከአሸዋው ወገን መጥቶ ቁልሉን ነካ ያደርገዋል፤
በገቢዎች መዝገብ ግን፣ በዚህች ሰዓት፣
ሁለት መቶ ሰው ተቀምጦበታል።