ብርድ ነበር

ከፍ አድርጋችሁ አትጥሩኝ፣ ወንበር አትሳቡልኝ፣
ያንን የናስ ሜዳልያ ደረቴ ላይ አትስቀሉልኝ።
እኔ ስፒሪዶን ነኝ፣ የከብት ሐኪሙ ረዳት፣
በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ ጉጠት የጨበጥኩት።

ከወረዳ ወረቀት መጣ፣ ማኅተሙ ያልደረቀ፦
«የሳኻ ላም ድንክ ናት፣ ዘመኗ አለቀ፤
ከምዕራብ የሚመጣ ኮርማ አለ የላቀ፤
የአገሩ ወይፈን ይኮላሽ!» ፊርማ አለበት፣ ቁጥር፤
እኔም ጉጠቴን ይዤ ዞርኩ በየመንደር።

ስንቱን ቀጠቀጥኩት! መቶ ስል፣ ሁለት መቶ፣
ወይፈኑ ሲወድቅ፣ ባለቤቱ ዞሮ ግድግዳ ተመልክቶ።
በመዝገብ ጻፍኩት፦ ስም፣ መልክ፣ ዕድሜ፣ «ተፈጽሟል»፤
ያ ቃል ዛሬም ድረስ በእጄ ጽሕፈት ቆሟል።

ጋቭሪል የሚሉት አንድ ዓይና ሽማግሌ ነበር፣
ገመዱን አልለቅም ብሎ ከበረቱ በር፣
«ልጄ፣ ዘር የሚቆረጠው በጉጠት አይደለም፣ በቀለም ነው» አለኝ።
አልገባኝም ያኔ። ቀለሙ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ብርድ ይዞት አስቸገረኝ።

የመጡት ኮርሞች ግዙፎች ነበሩ፣
በሐምሌ ሜዳ ላይ እንደ ጌታ ዞሩ።
ጥር ሲገባ ግን፣ ትንፋሽ ከአፍ ሲረግፍ፣
የልጆቻቸው ጡት ሲሰነጠቅ፣ ጆሯቸው ሲቀረፍ፣
የእኛዋ ድንክ ላም፣ ግቷ ጸጉር የለበሰች፣
የዝንጣፊ ቅርፊት ግጣ ለግንቦት ደረሰች።
ደረሰች፤ ያለ ወንድ።
ላም ደግሞ ብቻዋን አትወልድ።

ይኸው ቱያራ መጣች፣ የላቦራቶሪ ልጅ፣
ጭስ የሚተፋ ትልቅ ፔርሙዝ በእጅ።
«አያቴ» አለችኝ፣ «እዚህ ውስጥ ያለው ብርድ
ከጥራችን ይብሳል፤ ዘር አስተኝቶ ያቆያል፣ እስከ ልጅ ልጅ ትውልድ።»
ወተት በኩባያ ትለካለች፣ ቅባቱን ታነባለች፣
«ትንሽ ነው፤ ግን ማንኪያ ያቆማል» ትላለች፤
ብርዱንም ወተቱንም የቻለችውን ለእናትነት ትመርጣለች።

አንድ ማታ ደብተሯን ዘረጋች፦ «ሰባት ቤት ቆጥሬ
ባል አጣሁላት ለዚች ጊደር፣ ለቡሬ፤
ሁሉም ዘመድ ነው። አንድ ሐረግ ብቻ አለ፣ ከሌላው የማይነካካ፣
ከአኩሊና በረት የወጣ፤ አባቱ ማን ነበር ለካ?»

መዝገቡን ከፈትን። የኔው ጽሕፈት፦ «ዳለቻ ወይፈን፣ የአኩሊና፣
ሦስት ዓመት፣ ተፈጽሟል።» ልጅቷ ሳቀች ገና፤
«ዋሽተሃል! ለዘር ብለህ! አለቃህን ሳትፈራ!»
ከዚያ ወዲህ ነው ስሜ በጀግንነት የተጠራ።

ዋሽቼ አልነበረም።
ብርድ ነበር።
ከዜሮ በታች ስልሳ። ሖቶኑ በእበት ተለስኖ፣
ውስጡ ጨለማና እንፋሎት፤ ጣቴ እንጨት ሆኖ፣
ጉጠቱ ይግጠም አይግጠም አላውቅም፤ ወይፈኑ ጮኸ፤ በቃኝ።
አኩሊና ትኩስ ወተት በቅቤ አጠጣችኝ፣
አንድ ቃል አልተናገረች። እጄን ብቻ አየችው፣
ያንን የማይታጠፍ ጣት
ከላሚቱ ግት ሥር አስገብታ አሞቀችው።
ታውቅ ይሆን? አታውቅ ይሆን? ከሞተች ቆየች፣
ምስጢሯን፣ ምስጢር ከነበረ፣ በማይቀልጥ አፈር ይዛው ተኛች።

ዛሬ ቡሬን እኔ ያዝኳት። ቱያራ ከፔርሙዙ አውጥታ
ከሰንበሌጥ የቀጠነች ቱቦ ለብ ባለ ውኃ አፍታታ
ሥራዋን ሠራች። ቡሬ ጆሮዋን አወዛወዘች፣
ጣቴ ላይ ተነፈሰች።
«በል ጻፍ እንግዲህ» አለችኝ ልጅቷ፣ ብዕሩን ዘርግታ፤
መዝገቡ ክፍት ነው፣ ሰፊ ባዶ ቦታ።
ያን የድሮውን ቃል እጄ ጀመረና ተወው፤
«ተሞክሯል» ብዬ ጻፍኩ፤
ቀለሙ ሳይደርቅ ብርዱ ያዘው።