የጠጠሩ ሒሳብ

ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ፤
የሰው ሸሚዝ አጥቤ ተኩሼ፣ እሷው ናት ያኖረችኝ።
ዋጋዋ አንድ ነበረ፤ ምንም አምጡ፣ ሃያ አምስት ብር።
ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ የጎረቤቴም እንዲያው ነበር፤
እሱም ከጎረቤቱ፣
ያም ምናልባት ከአባቱ።

ሥራው ሞልቷል። ገመዱ ሙሉ፣ ካውያው ትኩስ፤
ማታ መሳቢያውን ስስብ ግን፣ ከሳንቲም በቀር የሚዳሰስ
የለም። "ውሃው ነው" አልኩ። የድሬ ውሃ ጨው አለው፣ ሳሙና ይበላል።
"መብራቱ ነው" አልኩ። ሲሄድ ከሰል፣ ሲመጣ ቆጣሪው ይዘላል።
"ሙቀቱ ነው" አልኩ ደግሞ፤
ሰው ሲከስር የማይከሰው የለም፣ ከገዛ ደብተሩ ቀድሞ።

አንድ ማክሰኞ ቶፊቅ፣ ካውያውን ገትሮ፣
"ስማኝ" አለኝ፣ ላቡን በፎጣ ጠርጎ፣ ድምፁን ወጥሮ።
"ትናንት ሃምሳ ሸሚዝ ተኮስኩ፤ እያፏጨሁ ነው የወጣሁ።
ዛሬ ሠላሳ የወንበር ልብስ፤ ይኸው ወገቤን አጣሁ።
አንተ ማታ ስትቆጥር፣ ሁሉን 'ልብስ' ነው የምትለው፤
ጨርቁን ተወው ጌታው፤ እኔን ቁጠረኝ፣ እኔን ነው የሚበላው።"

እኔን ቁጠረኝ።
ቃሉ ሌሊቱን አላስተኛኝ፣ እንደ ቢንቢ ዞረኝ።

ጠዋት ደቻቱ ወረድኩ፤ ወንዙ ደርቆ ጠጠሩን አስጥቷል።
ከረጢት ሙሉ ለቀምኩ። ያየኝ ሁሉ "ምርቃና በጠዋቱ!" ብሏል።
ሦስት የወተት ጣሳ ደረደርኩ። አንዱ የሸሚዝ፣
አንዱ የከማል፣ የሠርግ ዴኮር፣ በባጃጅ የሚጋዝ፣
አንዱ የሲስተር ፈቲያ፣ የአዋላጇ ጋውን።
"አሥር ደቂቃ አንድ ጠጠር። ለሠራችሁለት ጣሉ ጠጠሩን።
መንከሩም ይቆጠር፣ ማለቅለቁም፣ ማጠፉም፣
'ጎደለ' 'አልጎደለም' እያሉ ከከማል ልጆች ጋር መጣላቱም።"

ሐሊሞ ሳቀች መጀመሪያ፤ "ገበጣ ነው እንዴ?" አለች።
በሦስተኛው ቀን፣ የከማል ጣሳ ሲሞላ፣ ዝም ብላ አየች።

ቅዳሜ በር ዘጋን። ኪራይ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ኦሞ፣ በረኪና፣
የቶፊቅን ደሞዝ፣ የሐሊሞን፣ የኔንም ጉልበት ደመርንና
ለጠጠሩ አካፈልነው። አንዲት ጠጠር ስምንት ብር ሆነች።
ያቺ ከወንዝ በነፃ ያነሳኋት፣ እጄ ላይ ከበደች።

ሸሚዝ አንድ ጠጠር ተኩል፤ አሥራ ሁለት ብር። በሃያ አምስት ይሸጣል።
ምስኪን ሸሚዝ! ቤቱን ሁሉ ተሸክሞ፣ ዝም ብሎ ይሰጣል።
የወንበር ልብስ፣ ሰሙ ሲፋቅ፣ ሽንሽኑ ሲያዝ፣ ሁለት ጠጠር፣ አሥራ ስድስት፤
ከማል "ብዙ ነው የማመጣው" ብሎ የሚከፍለው አሥራ ሁለት።
ሦስት መቶ ወንበር በሳምንት! ሺህ ሁለት መቶ ብር ከኪሴ፤
የሰው ሠርግ ስደግስ ኖሬአለሁ፣ ሳልጠራ እኔ ራሴ።

ከማል ሲመጣ ጣሳውን ፊቱ ገለበጥኩት። "ሃያ ብር ነው ከዛሬ።"
ጠጠሩን አየ፣ እኔን አየ። "አብደሃል፤ ላውንደሪ ሞልቷል በድሬ!"
ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። አልዋሻችሁም፣ ሆዴ ባባ፤
ገመዱ ባዶውን ሲወዛወዝ፣ አራት ቀን ሙሉ ፀሐይ ብቻ ገባ።
በአምስተኛው ሸሚዞች መጡ፣ ቀድሞ "ቦታ የለም" ያልናቸው፤
ከባንክ፣ ከጉምሩክ። ሦስት ሦስት ብር ቀነስንላቸው።
ከማል አልተመለሰም።
ሰላምታ አለን፣ ከሩቅ።

ቀረ የሲስተር ፈቲያ ጣሳ። አምስት ጠጠር፣ አርባ ብር፤
ደሙ በቀዝቃዛ ይነከራል፤ ሦስቴ ይለቀለቃል፤ አንዳንዴም ያድር።
ልነግራት ነበር። ጋውኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣
"መንታ ነበሩ" አለችኝ፣ ከሌሊት ተራዋ ወጥታ፤
"ሁለቱም አለቀሱ።"
አርባውን ያዘለው አፌ ተከደነ፤ ቃላቱም ተመለሱ።

ማታ ደብተሩን ገልጬ ጻፍኩ፦ "ፈቲያ፤ አሥራ አምስት ብር፤ ስጦታ።"
ድሮም ይቺው ብር ትወጣ ነበር፣ እንደ ቀዳዳ ጀሪካን ጠብታ፣
ሳላውቃት። ዛሬ ግን በገዛ እጄ ነው የቀዳሁት፤
መጣልና መስጠትን ያን ማታ ነው የለየሁት።

ቶፊቅ በትከሻዬ አሻግሮ አነበበና፣ ሳቀ ቀስ ብሎ፣
አንዲት ጠጠር መዳፌ ላይ ጥሎ፦
"ይህን ስትጽፍ አሥር ደቂቃ ፈጀህ፤ አየሁት ሰዓቱን።
በማን ጣሳ ልጣለው ታዲያ፣ ይህን ጠጠርህን?"