የጥልፌ ስፌት

በኅዳር፣ ጠባሴ፣ ውርጭ ሣሩን ሲያነጣ፣
ሰው ብርድ ልብስ ደርቦ ፊቱን ሳያወጣ፣
ከኔ ጠባብ ክፍል አንድ ለቅሶ ወጣ።

ጎረቤት ባትሪ ይዞ በሬን አንኳኳና፣
«ሕፃን አለ እንዴ?» አለኝ ጆሮውን አቀና።
ሕፃን የለም። ጥልፌ ናት፣ ባለ ሦስት ቀለም፤
እንደሷ የሚጮኽ በዚህ ሰፈር የለም።

መሬቱን በጀርባዋ አሽታ፣ አሽታ፣
ከሲንጀሬ ፔዳል ጉንጯን አስጠግታ፣
ወገቧን ትሰቅላለች፣ ጅራቷን ወደ ጎን፤
ዞር ብላም አላየች ያመጣሁትን ሳንባ እንኳን።
ያንን የተማሪ ሰማያዊ ጨርቅ፣
ሸናችበት ቆማ፣ ዓይኗን ካይኔ ሳታርቅ።
አጠብኩት በሳሙና፣ በአመድ፣ በሎሚ፤
ሽታው ግን ቁጭ አለ እንደ ሐሜት ለቃሚ።

ማታ ማታ ጣራው ገበያ ይሆናል፤
ከበሬሳ ማዶ አውራው ሁሉ ይመጣል፣
ጆሮው የተቀደደ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣
በፊደል የማይጻፍ ስድብ የሚተፋ።
ያለፈው ሰኔ እንዲሁ በመስኮት ሾለከች፣
ነሐሴ፣ ጨርቅ ሣጥኔ ውስጥ አምስት ወለደች፤
ሁለቱን ሰው ወሰደ፣ ሦስቱን ብርድ ወሰደ፤
ጡቷ ገና ሳይደርቅ ያ ለቅሶ ወረደ።

እትዬ በለጥሻቸው፣ የግቢው ባለቤት፣
ካረቄዋ ጋራ ፈልቶ የሷም ቁጣት፣
«ጣርማበር አስጥያት፤ አይሱዙ አለ ነገ፤
ጉሙ ውስጥ ይልቀቃት፣ ከፈለገ ፈለገ።
ወይ ድመቷ፣ ወይ አንቺ!» በሩን ደርግማ ሄደች።
ጥልፌ ከውስጥ ሆና «አዎ» ያለች መሰለች።

በቅርጫት ይዣት ሄድኩ፣ አፉን በመቀነቴ አስሬ።
እንስሳት ሕክምናው ደጅ፣ ወረፋው ረጅም ነው ዛሬ፤
ጡቷ ያበጠ ላም፣ አንካሳ በግ፣ በቅሎ፤
ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ፣ «ድመት ታማ?» ብሎ።
አንድ የመንዝ ሽማግሌ፣ በርኖሱን ጠቅልሎ፣
«አይጥ አልይዝ ብላ ነው?» አለኝ ኮስተር ብሎ።

ሐኪሙ፣ ማንያዘዋል፣ ገና ልጅ እግር ነው፤
የላም መርፌ አስቀምጦ ሆዷን ዳበሰው።
«ድመት ቀድጄ አላውቅም ከትምህርት ቤት ወዲህ፤
ግን እጄ አልረሳም፤ ይሞከራል እዚህ።
ብልግና አይደለም ይሄ፣ ጥጋብም አይደለ፤
ደመ ነፍሷ ጠርቷት ነው፣ እሷማ ምን አለ።
ጥቂት ቀን ታርፍና ያው ይመለስባታል፤
ዱላ አያስተዋትም፣ መቆለፍ ያብስባታል።
ማምከን ነው መፍትሔው፤ ትመክናለች፣ ይበቃል።»

ትመክናለች።
ያንን ቃል ሌላ ቦታ አውቀዋለሁ።
መሐል ሜዳ፣ አማቴ ቤት፣ በአምስተኛው ዓመት፣
እንዲሁ በቀስታ ነበር የተነገረኝ፤
ማንም አልጮኸም፤ እኔም አልጮህኩም።
ሣጥኔን አህያ ላይ ጫኑልኝ፣
ገመዱን ግን አጥብቀው አሰሩት፣ እንዳይወድቅብኝ።

ወረቀቱ ላይ «የባለቤት ፊርማ» ይላል።
እስክሪብቶው ቀዘቀዘኝ።
ለኔ የፈረመ አልነበረም።
ለሷ እኔ ፈረምኩ።

ሲመልሷት ሰክራለች፣ ምላሷ ወጥቷል፤
አንድ መዳፍ ያህል ሆዷ ተላጭቷል።
ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ልብስ ሰፊ ነኝና፤
አራት ነጥብ፣ ጥቁር ክር፣ ቋጠሮው ደህና፤
ከታች በኩል ትንሽ ሳብ አርጎታል እንጂ፣
አይጠላም ለወንድ ልጅ፣ አይጠላም ለጀማሪ እጅ።

አሥር ቀን ቆጠርኩ፤ ክሩ ተፈታ።
ቤቴ ፀጥ አለ።
እትዬ በለጥሻቸው ብርጭቆ ይዛ መጣች፣
«ያቺ ነገር ሞተች እንዴ?» አለች፣
ደንገጥ ብላ ጭምር።

ትናንት ማታ ያ ጆሮ ቀዳዳው ተመልሶ፣
ብቻውን ጣራው ላይ፣ ውርጩን ተንተርሶ፣
ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።
ጥልፌ አንድ ጆሮዋን አዞረች፤
ከዚያ ክሩን ታቅፋ አንቀላፋች።

እኔ ግን እግሬን ከፔዳሉ አንሥቼ፣
እስኪሄድ ድረስ አዳመጥኩት።