ውሃ ልክ

ቧንቧ ሠሪው መጥቶ ዋጋውን ሲጠራ፣
"እኔስ እጅ የለኝም?" አለ በፉከራ
ባሌ ይርዳው ዋሴ፣ አውቶቡስ የሚነዳ፤
ሚስማር መትቶ አያውቅም፣ ጣቱ ካልተጎዳ።

ገንዳው የተገዛው ከፈረሰ ሆቴል፣
ብረት ነው ድፍኑ፣ ከላይ ነጭ ኢናሜል።
ግድግዳ የማይጠጋ፣ ጥግ የማይለምን፣
በአራት እግሩ የሚቆም፣ ወለሉን የሚያምን።
ክብደቱን ጠየቅኩኝ። "ሦስት ሰው ያነሣዋል"
አለ የሸጠልን፤ "አራተኛው ያያል።"

ደረጃችን ጠባብ፣ የመርፌ ቀዳዳ፣
ሰው በጎኑ ነው የሚያልፍ፣ የት ሊገባ ገንዳ!
የሃርለም ድሮ ቤት ግን መንጠቆ አለው ከላይ፣
ከጣራው ጫፍ ወጥቶ ቁልቁል መንገድ የሚያይ።
ጎረቤታችን ዮፕ፣ ሰማንያ ነው ዓመቱ፣
ጀልባ ላይ ያደገ፣ ቋጠሮ ነው ሀብቱ፣
ገመድ ታቅፎ መጣ።
ሁለት የልጅ ልጆቹ መስኮት ላይ ቆመዋል፣
እኛ ከታች ስንስብ "ቀስ! ቀስ!" ይሉናል።
ብስክሌት ነጂ ሁሉ እግሩን መሬት ተክሎ
ያንጋጥጣል ወደ ላይ፣ ዳቦ ገዢው አብሮ።
ነጭ ሆድ፣ አራት እግር፣ ደመና ተጠግቶ፣
ወይፈን ይመስል ነበር፣ ጋጣውን ጥሶ ወጥቶ።

ችግሩ ከዚያ ነው።
ለፍሳሹ ቱቦ ወለሉን ሊበሳ
ሜትሩን ዘረጋ፣ እርሳሱን አነሣ፤
ሁለት ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቆረጠ፤
ክብ ጣውላ፣ ያማረ፣ እጁ ላይ ተቀመጠ።

አራት ጣት ስቷል።

"ከመስኮቱ ነበር!" "ከግድግዳው ያልሽው አንቺ!"
ውሃ የማያነሣ ክርክር፣
ቤታችን ገና ውሃ ሳይገባ።
ሁለት ቀን በዝምታ ዳቦ ተካፈልን፣
ዮፕ ቤት እየሄድን በተራ ታጠብን።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤
እኛን ግን እያኮራረፈ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት ሌላ ጉድጓድ በስቶ፣
ቱቦውን አስገብቶ፣ ማጣበቂያ ቀብቶ፣
ውሃውን ከፈተ። ወጥ ቤት ነበርኩ እኔ።
ጠብ።
ጠብ።
ኮርኒሱ ላይ ሳንቲም የምታህል እርጥበት፣
ቀጥሎ ሳህን የምታህል።
ድስት ደገንኩና "ይርዳው!" ብዬ ጮኽኩኝ፤
ከሁለት ቀን ወዲህ ስሙን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው።

እሱ በጀርባው ተኝቶ ከገንዳው ሆድ ሥር፣
እኔ ባትሪ ይዤ፤ "ያን ስጪኝ!" "የቱን?" "ያን፣ ያን ነገር!"
መፍቻ ማለት ጠፍቶት። ሰጠሁት። ጠበቀ።
ጠብታው ቆም ሲል ይርዳው ከብረቱ ሥር ሳቀ።

ያኔ ውሃ ልኩን ጠርዙ ላይ ጋደምኩት።
አረንጓዴዋ አረፋ መሐል አልቆም አለች፤
የቦዩን ወገን ትታ ወደ ጓሮ ሸሸች።
ከእግሩ ሥር ሽብልቅ፣ አሁንም ሽብልቅ፣
አረፋዋ መለስ እስክትል፣ ቀስ በቀስ፣ በጭንቅ።
ገንዳው ቀጥ ሲል ጊዜ ቤቱ ዘመመብን፦
መስኮቱ፣ መቃኑ፣ መደርደሪያው፣ የበሩ ጉበን።
ዛሬ አልዘመመም እኮ፤ ስንገባም እንዲሁ ነው፣
ከእሱ ጋር አብረን ዘመን ነው ሳናየው የከረምነው።
ዮፕ ሰምቶ ትከሻውን ሰበቀ፦
"በዚህ ከተማ ቀጥ ያለው ውሃው ብቻ ነው።"

መጀመሪያ እኔ ገባሁ። እስከ አንገቴ ሞቀኝ።
ውሃ አጣጬ ይርዳው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ፣
ጣቱ በፕላስተር ታሽጎ፣ ጥፍሩ ሲሚንቶ ይዞ፣
እጁን ከክንዱ ድረስ ነክሮ ዝም አለ።
ይህኛው ዝምታ ሌላ ነበር።

ያንን የሳትነውን ቀዳዳ
በገዛ ክብ ጣውላው መልሰን ደፈንነው፤
ሲረግጡት ሲጥ ይላል።
ሌሊት አንዳችን ስንነሣ ሌላኛችን እንሰማለን፣
ማን እንደነቃ እናውቃለን።
ሊያስተካክለው ነበር፣ ቅዳሜ፣ ሙጫ ገዝቶ።
ተወው አልኩት።
ሙጫው እስካሁን መስኮቱ ላይ ነው፣ ክዳኑ ሳይከፈት።