ቤት ሲመታ

ስምንት መቶ ገጽ ነው፣ አባሪው ሲቆጠር፣
ሁለት እጅ ይፈልጋል ለማንሣት፣ ሁለት ክረምት ለማንበብ፣ በቅጡ ቢጀመር።
በካሊፎርኒያ፣ በሳን ቤሊኖ፣ ማክሰኞ ማታ፣
የውሃ ሂሳብ በሚከፈልበት አዳራሽ ሰው ሞልቶ፣ ጠፍቶ ቦታ፣
ሊመዝን መጥቷል በአንድ በኩል ጡብ፣ በሌላው ጣሪያ አልባ ጌታ።

ሕንፃው የኮክ ፋብሪካ ነበር፣ እየላጠ በቆርቆሮ የሚያሽግ፣
ጣሪያው የመጋዝ ጥርስ፣ የሰሜኑን ብርሃን የሚፈልግ፤
ጡቡ ከወንዙ ጭቃ የተተኮሰ፣
ወለሉ በስኳር ውሃ ስልሳ ዓመት የራሰ።
ዛሬም ሐምሌ ሲግል (ሐምሌ እዚያ በጋ ነው) ንብ ከስንጥቁ አይታጣ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየ ጣፋጭ ሽቶት የመጣ።

ፔትራ ቮስበርግ ተነሣች፤ ጡብን በጣቷ አንኳኩታ ዕድሜውን የምታውቅ፤
«ይህ ቢፈርስ» አለች «ጉዳቱ ከባድ ነው፣ በምንም የማይታረቅ፤
ፎቶ ቢነሣ፣ ልኩ ቢወሰድ፣ በነሐስ ቢጻፍ ስሙ፣
ለሬሳ ልብስ መለካት ነው፤ አይመለስለት ደሙ።»

ሮኬ ኢንሱንሳ ቀጠለ፤ የከተማ አውቶብስ የሚነዳ፣
በእህቱ ደጅ በመኪናው የሚያድር፣ የማይሄድ እንግዳ።
«እኔም ቅርስ አለኝ፤ ሁለት ሴት ልጆች፣ ከኋላ ወንበር ታጥፈው የሚተኙ፤
ሁለት መቶ አርባ ቤት ይሠራል ከተባለ፣
እነሱስ በየትኛው ገጽ ይገኙ?»

ሠንጠረዡ አቧራ ያውቃል፣ ጩኸት ያውቃል በዴሲቤል፣
ጥላ በስንት ሰዓት የት እንደሚውል፤
ለሌሊት ወፍ ሁለት ገጽ፣ ለወንዙ ዓሣ አንድ ምዕራፍ፣
ለታጠፈ ጉልበት ግን ባዶ ነው የሠንጠረዡ ጫፍ።
አማራጭ ሦስት ይላል፦ የፊቱ ግድግዳ ይቁም፣ ሆድ ዕቃው ይውጣ፤
አንዱ ከኋላ ሳቀ፦ «ጭምብል ነው እንጂ፣ ፊትማ ከየት መጣ!»

ከዚያ ሌኦካዲያ ቤተንኩርት፤ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ፣
ኮክ ስትልጥ የጎበጠ ጣቷ።
«ይዳን» ትላለች ብሎ ሰው መንገድ ለቀቀላት፣
ፔትራ ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገችላት።
ጠማማ ቢላዋ አወጣች ከቦርሳዋ፤
ዘበኛው ብድግ አለ፤ እሷ ቀጠለች በእርጋታዋ፦
«በዚህ ላጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ቆሜ፣ ወንበር ተከልክሎ፤
ጣሪያው ማማሩን ዛሬ ሰማሁ፤ ማን ቀና ይላል ሠልፉ ቸኩሎ?
እህቴ ኦንዲና በእንፋሎት ተቃጥላ የወደቀችው፣ አራተኛው ምሰሶ ሥር፣
ሰነዱን አስነበብኩ፤ ምሰሶው ተጽፏል፣ እሷ የለችም ከቁጥር።
አፍርሱ አልልም፤ አትንኩ አልልም።
ብትንዱትም፣ ብትጠግኑትም፣ እዚያ ምሰሶ አጠገብ ስትደርሱ
ድምፃችሁን ቀንሱ።»

ድምፅ ተሰጠ። አራት ለሦስት። ይፍረስ ተባለ፤
ጉዳቱ ተመዝግቦ፣ ጥቅሙ ይበልጣል ተብሎ፣ ማኅተም በላዩ ዋለ።
ግን ገጽ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት፣ በጥቃቅን ፊደል፣
«ከጣሪያው ጠርዝ ወንጭፊት ጭቃ ለስና ጎጆ ሠርታለች» ይላል፤
ጫጩቶቿ ሳይበርሩ መዶሻ አይነሣም፣ መስከረም እስኪጠባ፤
አንድ ወንዝ፣ አንድ ጭቃ፣ ሁለት ቤት፤
ትንሹ ለትልቁ ዋስ ገባ።

እኔ በምጽፍበት ቋንቋ ቤት ካልመታ ግጥም አይቆምም፤
እዚያም ቤት ይመታል፤
በሚቆመው ማን እንደሚገባበት ግን አላውቅም።

አሁን ሮኬ ማታ ማታ መኪናውን አጥሩ ሥር ያቆማል፤
ታላቂቱ ተኝታለች፤ የትንሿ የኤሎይሳ ጣት በመስኮቱ ጎጆ ይቆጥራል።
«አባዬ፣ እነሱ ሲበርሩ ነው ቤት የምናገኘው?»
«አዎ።»
«እነሱስ ሲመለሱ?»
መስታወቱን ቀስ አድርጎ ይዘጋል።