የታችኛው በልቷል?

ጋሽ ይመር ዓይኑን ሊታከም፣ ቦሩ ሜዳ የሄደ ዕለት
የሰዓት ቤቱን ቁልፍ ሰጥቶኝ፣ ቆመ ከገንዳው ፊት ለፊት።
«ሰዓቶቹን ተዋቸው» አለኝ፣ «ቢዘገዩም ይታገሣሉ፤
እነዚህ ግን ሆድ አላቸው፣ በየዓይነቱ ይበላሉ።

ወርቃማዋን አትመናት፣ ሁልጊዜ ነው የሚርባት፤
አፏን ከፍታ ብትለምንህ፣ ከሁለት ቁንጣሪ አትለፍላት።
ጋፒዎቹ ደቃቆች ናቸው፣ አፋቸው የመርፌ ቀዳዳ፤
ፍርፋሪውን በጣትህ አልም፣ ትንሹ በትልቁ እንዳይጎዳ።
ቀዩ ቤታ ጉረኛ ነው፣ ለብቻው በጠርሙስ ይኖራል፤
ማዕድ አይጋራም ከማንም፣ ከገዛ ጥላው ጋር ይጣላል።
ከቦርከና ዳር የቢንቢ እጭ፣ ጨልፈህ ብታመጣለት
ያን ዕለት ክንፉን ይዘረጋል፣ ካባ እንደ ደረበ ባላባት።

ዓርብ ዓርብ ሁሉም ይጹም፤
ሃይማኖታቸውን አልጠየቅሁም።

የታችኛው ግን...» አለና፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አየ።
«ጢማሙ፣ ጭቃ መሳዩ። ቀን አይወጣም።
መብራት ስታጠፋ አንዲት ክኒን ጣልለት።
ሲበላ አታየውም። ይበላል።»

ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ወርቃማዋ አሸነፈችኝ፤
እንዲያ ስታየኝ ማን ይጨክናል? አምስት ቁንጣሪ።
ማታ ሆዷ ተነፍቶ በጎኗ ተንሳፈፈች።
አተር ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በጥፍሬ ጫፍ ስሰጣት አነጋሁ፣
የገዛ ራቴን ረስቼ።

በሦስተኛው ሌሊት የደሴ መብራት ሄደ፤
የአየር መንፊያው ዝም አለ፣
ጋፒዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አደረጉ።
«አብሽሩ» አልኳቸው።
በጣሳ እየቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ እየመለስኩ፣
ውሃን በውሃ ላይ ሳፈስ የሱብሒ አዛን ተሰማ።
ግድግዳው ላይ አሥራ አራት ሰዓት፤
አንዱም ከአንዱ አይስማማም።

ለዚያኛው ማታ ማታ ክኒኑን ጣልኩ።
ባትሪ ይዤ ሸመቅሁ፣ ድንገት አበራሁ፤
ድንጋይ ብቻ።

ጋሽ ይመር ተመለሰ፣ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ታሽጎ፣
የልጁን የሐያትን ትከሻ ተደግፎ።
ስለ ሱቁ አልጠየቀኝም።
«የታችኛው በልቷል?»
«አላየሁም።»
«ጠዋት ክኒኑ ነበረ?»
«አልነበረም።»
«እንግዲያ በልቷል። እኔስ በደኅና ዓይኔ መቼ አየሁት?»

ብልቃጡን ዳብሶ ከፈተ።
ሁለት ቁንጣሪ፣ ልክ ሁለት፣ በጣቱ መዘነ፤
ወርቃማዋ ከእጁ ሥር መጥታ
አፏን እንደ ከፈተች
ሦስተኛውን ስትጠብቅ ቀረች።