የደረሰኝ ጥራዝ

በጥር ወር፣ ከጣና ዳር፣ በዓሣ ሻጮቹ መደዳ፣
ጥራዜን ይዤ እዞራለሁ፣ እንደ ሰው ሁሉ ባለዕዳ።
«የጤና መድኅን ነው» ስል፣ «የዓመቱ ክፍያ ደርሷል»፣
ቢላዋው ከቆሮሶ ሆድ ለአንዳፍታ ሳይወጣ ቆሟል።

መልሱን አያውቅም አትበሉ፤ ሦስት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣
ከየደረሰኙ ቀሪ ጀርባ አንዳንድ ቃል ጽፌያለሁ።

ሞላልኝ ታንኳ ሠሪው ደንገል እያሰረ እንዲህ አለኝ፦
«እኔ ጤነኛ ነኝ ወንድሜ፤ ለማን በሽታ ነው የምታስከፍለኝ?
ዕድር አለኝ፣ ብሞት ይቀብረኛል።»
«ዕድር ከሞትክ ወዲያ ነው» አልኩት፤ «ይሄ ከዚያ በፊት ይደርሳል።»
ሳቀ።
«ከዚያ በፊትማ ማን ደርሶልኝ ያውቃል?»

ጫኔ ከፋይ ነው፤ ካርዱ ከደረት ኪሱ አይለይም፤
አምና ግን ልጁን አዝሎ ቢሄድ፣ «ሐኪም አለ፣ መድኃኒት የለም፣
ከውጭ ግዛ» ብለውት፣
አዲሱን መረብ ሸጠ፤ ሕፃኗም ዳነችለት።
«ካርዱስ» ይላል «አንደኛ ነው፤ ላስቲኩ ውኃ አያስገባም።»
ይህን የጻፍኩበት ቅጠል እስከ ዛሬ ቢሮ አልገባም።

ባለባጃጁ ውዱ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠየቀኝ፦
«ባለሎጁና እኔ እኩል ነን?» ለአለቃዬ ባቀርበው፣
«አንተ ሰብሳቢ ነህ ወይስ ጠያቂ?» ብሎ ገሠጸኝ።

አንጓች ብቻ፣ ጌሾ ቸርቻሪዋ፣ ከመቀነቷ ፈታች፣
የታጠፈውን ብር በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች።
«አምስት ዓመት ከፈልኩ» አለች፤ «ራሴን እንኳ አላመመኝም፤
ገንዘቤ የት ገባ ብዬ አንተን አልሞግትህም።
አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤
በእኔ ብር የዳነው ማነው?
ሴት ናት ወንድ? ሕፃን ነው?
ስሙን ባውቀው፣ በጸሎት ሳነሣው አልሳሳትም ነበር፤
እስካሁን ‹ያ ሰውዬ› ስል፣ ግራ ገብቶት ይሆን እግዜር?»

መልስ የለኝም። ጥራዙን ከፊት ከኋላ ገለጥኩት፤
የከፋይ ስም ብቻ ነው፤ የዳነ ሰው ስም አጣሁበት።

መሸ። ከዳር የቆሙት ታንኳዎች ይደርቃሉ፣
ቀን የጠጡትን ውኃ በየጠብታው ይመልሳሉ።
ሞላልኝ የመጨረሻውን በትከሻው ተሸክሞ፣
«ነገ ና» አለኝ፣ ሳልጠይቀው፣ አጠገቤ ለአፍታ ቆሞ።
አምኖ ይሁን ሊገላገለኝ፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም፤
ብዕሬን አወጣሁ፤
ይህን ግን ከጀርባው አልጻፍኩም።